ሳህሌ እንደማይምል አውቅ ነበር

ይህን ነገር ለንስሐ አባቴ እንኳ ሙሉውን አልተናገርኩም። መስታወቱን መስበሬን ነግሬያቸዋለሁ። በሐሰት መማሌንም ነግሬያቸው ስግደት አዘዙኝ፤ ሰገድኩ። የቀረውን ግን ዋጥኩት። ግማሽ ኃጢአት ተናዝዞ ሙሉ ሥርየት የሚጠብቅ ሰው ምን ይባላል? ያ ሰው እኔ ነኝ።

ጠላት ከአገር ከወጣ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር። ፒያሳ፣ ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ ባለ አንድ ጋራዥ ከሳህሌ ጋር እንሠራ ነበር። ሳህሌ የጉራጌ ልጅ ነው፤ እኩያዬ፣ ካንድ ገበታ የምንበላ ጓደኛዬ። አንድ ክረምት የአንድ ፊታውራሪ መኪና መጣችልን። በወረራው ዘመን ጭድ ተከምሮባት የኖረች ጥቁር መኪና ናት። ፊታውራሪው እንደ አዲስ አሳምረን ለደመራ እንድናደርስላቸው ፈለጉ። ቀለም ከመቀባቷ በፊት የመስኮቶቿን ዙሪያ የያዘው ነጭ የብረት ጌጥ መውለቅ ነበረበት፤ እሱ ግን ዝጎ ነክሷል። ሳህሌ ጧት ጧት ላምባ እያንጠባጠበበት፣ ተወው ራሱ ይለቃል ይለኛል። ስነጫነጭ ደግሞ "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" ብሎ ይስቅብኛል።

ሳቁ አበሸቀኝ። ይህን ግን ሰበብ እንዳታደርጉልኝ፤ በሳቅ የበሸቀ ሁሉ መዶሻ አያነሳም። እሱ ምሳ ሊበላ ሲወጣ ካቻቢቴ ከጌጡ ሥር አስገብቼ መታሁት። እንደገና መታሁት። ጌጡ ተጣመመ፣ መስታወቱ ከዳር እስከ ዳር ተሰነጠቀ። እኔ መታሁት፣ እኔ ሰበርኩት። ከዚያ እጄን ታጥቤ ወጣሁና ከሳህሌ ኋላ፣ ምንም እንደማያውቅ ሰው ተመለስኩ።

አለቃችን ጋሽ ተሰማ መስታወቱን ሲያዩ ራሳቸውን ያዙ። እንዲህ ያለ መስታወት በአገር ውስጥ አይገኝም። መኪናዋን የነካችሁ ሁለታችሁ ብቻ ናችሁ፣ ማን ነው አሉ። ሳህሌ አልነካሁም አለ። እኔም አልነካሁም አልኩ። ነገሩ እዚያ ቢቆም ምናልባት ሁለታችንንም ተቆጥተው ያልፉን ነበር። ለንስሐ አባቴ የደበቅኩት ከዚህ ይጀምራል።

"ጋሼ፣ እንማል" አልኩ።

እኔ ነኝ ያልኩት። ማንም መሐላ አልጠየቀም። የሳህሌ አባት በመሬት ሙግት ምለው ዓመት ሳይሞላቸው ሞተዋል፤ ከዚያ ወዲህ እናቱ በእውነትም ሆነ በሐሰት እንዳይምል ገዝተውታል። ይህን ራሱ አጫውቶኛል። በዚያ ጋራዥ ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። እንደማይምል አውቄ ነው መሐላ ያመጣሁት።

ወደ ጊዮርጊስ ዞሬ፣ እኔ ሰብሬው እንደሆነ ይፍረድብኝ ብዬ ማልኩ። የሳህሌ ተራ ደረሰ።

"ጋሼ፣ እኔ አልሰበርኩም። ግን አልምልም፤ እናቴ ገዝታኛለች።"

ጋሽ ተሰማ ክፉ ሰው አልነበሩም። ወደ እኔ ዞረው፣ ጓደኛው ነህና ስለዚህ ግዝት ሰምተህ ታውቃለህ ብለው ጠየቁኝ። ሳህሌም አየኝ። አንድ ቃል ታድነው ነበር።

"አልሰማሁም" አልኩ።

ያን ጊዜ ማን እንደሰበረው ገባው። ጋሽ ተሰማ ሰብረህ ክደሃል ብለው አሰናበቱት፤ ኮቱን ይዞ ወጣ። መስቀል ሊደርስ ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበር። በማግስቱ የወዲያኛውን መስኮት ጌጥ ስነካው፣ ላምባው ገብቶለት ኖሮ በጣቴ ወጣ። ጋሽ ተሰማ "ጎሽ" አሉኝ፤ እኔም አላፈርኩም።

ከብዙ ዓመት በኋላ በቸርችል ጎዳና ስወርድ አንድ ሰው ከትንሽ ሱቅ ውስጥ በስሜ ጠራኝ። ሳህሌ ነው። ወንበር አቀረበልኝ፣ ስለ ልጆቼ ጠየቀኝ። ምን ልበል? ስለ እናቱ ጠየቅኩት።

"ያን መስቀል አገሬ አልገባሁም" አለ። "ሰብሮ የካደ ተብዬ በምን ፊቴ እገባለሁ? እናቴ በር በር እያየች ጠበቀችኝ። ለሚቀጥለው መስቀል አልደረሰችም።" ቀጥሎም "ቃሏን ግን አልጣስኩም" አለ።

ሊያሳፍረኝ ብሎ አይመስለኝም። ለራሱ የያዘው መጽናኛ ነው። እኔ ነኝ ልለው አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው "ነፍስ ይማር" ነው። የሰው እናት በር ላይ አስቀርቼ ነፍስ ይማር! ተነሥቼ ሄድኩ።

እናንተን ይቅርታ አልለምንም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። በሐሰት ስምል በሰው ፊት ቆሜ ነበር። እውነቱን ግን ይኸው ብቻዬን ተቀምጬ፣ ለማላውቀው ሰው እጽፋለሁ። ይህም ያው ፍርሃቴ ነው። በዚያ ጎዳና ሳልፍ ዛሬም በወዲያኛው ዳር ነው የምሄደው። የሳህሌ ሱቅ እስከ አሁን ክፍት ነው።