ግድግዳ ላይ የለጠፍኩት የቤት ሥራ

አሜሪካ፣ ሴንት ፖል ከተማ ውስጥ ኤትኒክ ስተዲስ የሚሉትን፣ የየማኅበረሰቡን ታሪክ፣ ለዘጠነኛ ክፍል አስተምራለሁ። በበረዶው ወራት «ይህ ትምህርት ልጆቻችንን ይከፋፍላል፣ ይቅር» የሚሉ ሰዎች የትምህርት ቦርዱን ስብሰባ ሞልተውት ነበር። እኔ ደግሞ እልኸኛ ነኝ። «ቤተሰቤ እንዴት እዚህ ደረሰ» የሚል የቤት ሥራ ሰጠሁና የልጆቹን ጽሑፍ ኮሪደሩ ግድግዳ ላይ ደረደርኩት፤ ያንብቡትና አፋቸውን ይያዙ ብዬ።

በጣም የኮራሁት በአንዲት ያገሬ ልጅ ሥራ ነበር። አባቷ ትምህርት ቤት በጠየቀው ነገር ቀልድ አያውቅም። እንደ አገር ቤት ምዝገባ ቆጥሮት ከብራዚል ጀምሮ የተሻገሩትን ድንበር ሁሉ አስጻፋት፤ የቤታቸውን አድራሻ ጨምሮ፣ የጥገኝነት ጉዳያቸው የሚታይበትን የፍርድ ቤት ቀጠሮ ኮፒ አያይዞ ላከው። እኔም እንዳለ ለጠፍኩት። ምን ነክቶኝ እንደነበር እስካሁን አላውቅም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ ጠዋት፣ መስኮታቸው የጠቆረ ሁለት መኪኖች ከትምህርት ቤቱ በር ማዶ ቆሙ። ስደተኛ የሚይዙት የኢሚግሬሽን ሰዎች ናቸው ተባለ። የሒሳብ መምህሩ፣ ከመጡ ሰፈሩን የሚያስጠነቅቅበትን ፊሽካ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ በሩን ያዘ፤ ሌሎቻችን መጋረጃ ዘጋን። ያኔ ግድግዳው ትዝ አለኝ። ሮጬ ስደርስ የልጅቷ ወረቀት የለም፤ የተሰካበት ስፒል ብቻ ቀርቷል።

የቀሩትን እየነቀልኩ ጃኬቴ ውስጥ ጠቀጠቅኩ። ሰውየውን አስበላሁት እያልኩ ለአባቷ ደወልኩ።

«ቲቸር፣ ምን ጎደለ?» አለኝ ገና ድምፄን ሲሰማ። «ኦሪጅናሉን ላምጣ? ሥራ ላይ ነኝ፤ ግን ሃያ ደቂቃ ድራይቭ ባደርግ ነው።»

«እንዳይመጡ!» ብዬ ጮህኩ። «ኢሚግሬሽን በር ላይ ነው። ቤትዎም እንዳይሄዱ።»

«ልጄስ?» አለ።

«እኔ ጋ ናት» አልኩት።

ክፍል ስመለስ ልጅቷ በጃኬቴ ውስጥ የታጨቀውን ወረቀት አየችና ተከትላኝ ወጣች።

«የኔን እዚያ አይፈልጉት» አለችኝ በሹክሹክታ። «የለጠፉት ዕለት ነው ያነሳሁት። ቀዳድጄ ጣልኩት።»

ሦስት ሳምንት ሙሉ በዚያ ግድግዳ ሥር እየተመላለስኩ አንድ ቀን እንኳ ልብ አላልኩም። መኪኖቹ ገና እንደቆሙ ናቸው፤ ፍርሃቴ አልለቀቀኝም፤ እፍረት ተጨመረበት።

«ምነው ያኔ ብትነግሪኝ?» አልኳት።

ወለሉን እያየች፣ «በጣም ደስ ብሎዎት ነበራ፣ ቲቸር» አለችኝ።