«ዘ»ን የተማርሁበት መጋዘን

በምን ጥፋት እንደሆነ ሳይነግሩኝ አሥራ አንድ ቀን አሰሩኝ። የደረሰብኝ በደል ይኼ ነው፤ ይጻፍልኝ። መርሳ አውቶቡስ የሚቆምበት ቦታ ማንጎ እሸጣለሁ። አንድ ጠዋት ሁለት ታጣቂዎች መጥተው «ተነሽ» አሉኝ። ዘንቢሌን ለጎረቤቴ አደራ ሳልል ሄድሁ።

ያስገቡኝ የእህል መጋዘን የነበረ ክፍል ነው። የማሽላ ሽታ አልለቀቀውም፤ ነቀዙ በልብስ ውስጥ ይገባል። ውስጥ ያገኘኋት ግራና ከምትባለው ከተማ የመጣች አንዲት አስተማሪ ነበረች። እንግሊዝኛ ታስተምራለች። እኔ ከአራተኛ ክፍል ነው ያቆምሁት፤ ቀኑ አልገፋ ሲለኝ «አስተምሪኝ» አልኋት። አቧራው ላይ በጣቷ ጻፈችልኝ።

ከእንግሊዝኛው ሁሉ የገረመችኝ «ዘ» የምትባለው ናት። ከየቃሉ ፊት ትቆማለች።

«ሥራዋ ምንድን ነው?»

«ተናጋሪውም ሰሚውም የትኛው እንደሆነ ሲያውቁ ትገባለች፣ እናቴ። ‹በሩን ዝጊ› ቢሉኝ የቱን ብዬ አልጠይቅም አይደል?»

«ያለን አንድ በር፤ እሱም የተዘጋ።»

ሳቀች። «እኛ ‹በሩ› ብለን ከቃሉ ኋላ እንቀጥላታለን፤ እንግሊዞቹ ያስቀድሟታል።»

«ፀሐይስ?»

«አንድ ስለሆነች አላት።»

«እኔም አንድ ነኝ።»

«አንቱ ስም አለዎት፤ ስም ላለው ሰው አያስፈልግም።»

«አዋሽስ? እሱም ስም አለው።»

«ወንዝ ሲሆን ስም ቢኖረውም ይጨመርለታል።»

«ይኼማ አድልዎ ነው። ማን ፈረደው?»

«እኔም አላውቅም።»

«ሳታውቂ ነው ልጅ የምታስተምሪ?»

በአሥራ አንደኛው ቀን ጠባቂው በሩን ከፍቶ «ተፈተዋል፣ ይውጡ» አለኝ።

«ለምን ታሰርሁ?»

«ተፈቱ እኮ፤ ምን ያደርግልዎታል?»

ምክንያቱን ሳልሰማ አልሄድም ብዬ የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጥሁ። እኔ እዚያ እያለሁ በሩ አይዘጋ። አስተማሪዋ ከውስጥ «እናቴ፣ ይሂዱ፤ መልሰው እንዳይዘጉብዎ» አለችኝ። «ይዝጉ» አልኋት። የቀትሩ ሶላት፣ ዙሁር፣ አለፈ። ለከሰዓቱ የዐስር ሶላት ተነሥቼ እዚያው ሰገድሁ፤ ተመልሼ ተቀመጥሁ። በመጨረሻ ከወሰዱኝ ከሁለቱ ታጣቂዎች አንዱን ጠሩት። መሣሪያውን ግድግዳ አስደግፎ ከፊቴ ቁጢጥ አለ።

አስተማሪዋም ከሳምንት በኋላ ወጣች፤ አልሐምዱሊላህ። ሰው ዛሬ «አውፍ በያቸው፣ ይቅር በያቸው» ይለኛል። ብያለሁ። ያ ታጣቂ ልጅ የመለሰልኝ ግን እንዳለው ይቀመጥልኝ።

«‹ማንጎ ሻጯን አምጡ› ተባልን፣ እናቴ። መርሳ ስንደርስ መንገዱ ዳር ሙሉ ማንጎ ሻጭ ነው። ተመልሰን የትኛዋን ብለን መጠየቅ ፈራን።»