ሁለት «ደህና እደር»

ትራስ እጠልፋለሁ። ሰመራ ውስጥ ልጅ የሚድር ሰው ወደ እኔ ነው የሚመጣው፤ ጥንድ ትራስ፣ አንዱ ላይ «ደህና እደር»፣ ሌላው ላይ «ደህና እደሪ»። ንድፉን የማነሳው እናቴ ለሰርጌ ከጠለፈችልኝ ትራሶች ነው። የእኔው ከመተኛት ብዛት ክሩ አልቆ አይነበብም። የባሌ ግን ዛሬም እንደ አዲስ ነው። የጅቡቲ መንገድ ሹፌር መቼ ተኝቶበት! ሰው «እንዴት ንጹሕ አድርገሽ ይዘሽዋል!» ሲለኝ እናደዳለሁ።

ስለዚህ ሁሌም የምገለብጠው ከሱ ትራስ ነው። ስስ ወረቀት አልብሼ በእርሳስ ጎን አሸት አሸት ሳደርገው ቅርጹ ይወጣል። ከዚያ አዲሱ ጨርቅ ላይ ካርቦን፣ ካርቦኑ ላይ ወረቀቱን አድርጌ ቀለም በጨረሰ እስክሪብቶ መስመሩን እየተከተልኩ እጫናለሁ። የሴቷ ላይ ስደርስ «ር»ን ትቼ በእጄ «ሪ» እላለሁ። ያቺን አንዲት ፊደል ነው በልቤ የምይዛት።

ያን ቀን የያዝኩት የጎረቤቴን ልጅ ትራስ ነበር፤ ጎረቤቴ ካፌ ያላት ወሎዬ ናት። የባሌ ስልክ ከትናንት ጀምሮ ዝግ ነው። ጠዋት ደግሞ እሱ በሚመጣበት መንገድ፣ ሰርዶ አካባቢ መኪና ተገልብጧል ሲባል ሰምቻለሁ። እጄ መች አርፎ! እቀመጣለሁ፣ እነሳለሁ። መብራት ሄደ፣ ቬንትሌተሩ ቆመ፣ ላቤ ወረቀቱ ላይ ይንጠባጠባል። ስደውል ዝግ፣ ደግሜ ስደውል ዝግ። እጄ መስመር ይስባል፣ ጆሮዬ አስፋልቱ ላይ ነው፤ ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር ልቤ ተከትሎት ይሄዳል።

ጎረቤቴ ገብታ ጨርቆቹን አየችና ሳቋ መጣ።

«ውይ! ልጄን የት ልታስተኚያት ነው? ሁለቱንም ለሙሽራው አደረግሽው እኮ!»

እውነትም ሁለቱም ላይ «ደህና እደር»። ካርቦን ደግሞ ቢያጥቡትም እሺ ብሎ አይለቅ። ይቅርታ ልላት አፌን ስከፍት ለቅሶ ቀደመኝ። ወላሂ፣ እንደ ሕፃን ነው ያለቀስኩት። ሳቋን ዋጥ አድርጋ አጠገቤ ተቀመጠች።

«አብሽሪ፣ ክፉ ወሬ እግሩ ፈጣን ነው። ቢሆን ኖሮ ይሄኔ ሰምተን ነበር» አለችኝ።

አመሻሹ ላይ ባሌ አቧራውን እንደለበሰ በሩ ላይ ቆመ። የተገለበጠው የሌላ ሰው መኪና ነው፤ መንገዱ ተዘግቶ እዚያው አድሯል፣ ስልኩም ባትሪ ጨርሷል።

«አንተ! የሰው ስልክ ጠፍቶ ነው?» ብዬ ጮህኩበት። አልሐምዱሊላህ ማለት ትዝ ያለኝ ጮኼ ከጨረስኩ በኋላ ነው።

ጭነቱ አዋሽ ይጠበቃል፤ ሻዩን እንኳ ቆሞ ነው የጠጣው። ሊወጣ ሲል ያበላሸሁትን ጨርቅ፣ ገና ያልተጠለፈውን፣ የካርቦኑ ሰማያዊ መስመር ብቻ ያለበትን፣ የራሴን ትራስ አልብሼ ሰጠሁት።

«ይሄን ነጭ ነገር ጋቢና ውስጥ? በአንድ ቀን ይቆሽሻል እኮ» አለኝ።

«ይቆሽሽ» አልኩት። «ቆሽሾ ይምጣልኝ።»