አምስት ጊዜ፣ ሁለት አስቀርቶ

አባዬ ግራ ጎናቸው አልታዘዝ ያላቸው እናቴ ባረፈች በዓመቱ ነው። እኔ ያኔም አሁንም የምኖረው ሱሉልታ፣ በተወለድኩበት ግቢ ነው፤ የማስተምረውም እዚያው ሰፈር። ስለዚህ አባዬን ማንሳቱ ለእኔ ወደቀ፦ ጠዋት ከአልጋ ወደ ወንበር፣ በምሳ ሰዓት ወደ መጸዳጃ፣ ከሰዓት ወደ ደጅ፣ ሲመሽ ተመልሶ ወደ አልጋ።

አንድ ጠዋት ብድግ ሳደርጋቸው ወገቤ ከዳኝና ተያይዘን በአልጋውና በግድግዳው መሃል ወደቅን። ጮኬ ጎረቤት እስኪመጣ ድረስ አባዬ በደህና እጃቸው እንባቸውን ሲጠርጉ አየሁ። ዕድሜ ልካቸውን ሲያርሱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ሲያለቅሱ አይቻቸው አላውቅም።

ቡራዩ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ሲሰማ መጣ። «እኔ ጋ እወስዳቸዋለሁ። አንቺ አትችይም» አለኝ።

አባዬ ከግቢያቸው መውጣት እንደማይፈልጉ አውቃለሁ። «ስድስት ወር ስጠኝ» አልኩት።

ወገቤ ሲሻለው ጂም ገባሁ። ያላለቀ ፎቅ ምድር ቤት ውስጥ ነው፤ ግማሹ ክብደት ቆርቆሮ ውስጥ የተሞላ ሲሚንቶ ነው። አሠልጣኙ ከደቡብ የመጣ ግንበኛ ነው፤ ጎህ ሲቀድ ያሠለጥንና ወደ ሥራው ይሄዳል። ለሴት ቀላል ብረት ብዙ ጊዜ ማንሳት ነው የሚሻላት ሲባል ሰምቼ ስለነበር፣ ትንሿን ብረት ሠላሳ ጊዜ አነሳለሁ፤ አረፍ ብዬ ሌላ ሠላሳ። ላቤ ጠብ ሲል የበረታሁ ይመስለኛል። ሁለት ወር አለፈ። አባዬ ግን እንደከበዱኝ ናቸው።

ይህንኑ ለአሠልጣኙ ነገርኩት።

«አባትሽን በቀን ስንት ጊዜ ነው የምታነሺያቸው?»

«አራት ጊዜ።»

«በአንዴ ሠላሳ ጊዜ አታነሺያቸውማ?»

ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

«ሠላሳ ጊዜ የምታነሺው ብረት አለመድከምን ያስተምርሻል። ጉልበት የምታገኚው አምስት ስድስት ጊዜ ብቻ ከምትችይው ነው። ከባዱን አምጪ፤ አምስት ጊዜ አንሺ። አምስተኛው ላይ ግን ሌላ ሁለት የሚቀርሽ መሆን አለበት። ካልቀረሽ በዝቶብሻል፣ አራት ከቀረሽ አንሶሻል።»

በየዙሩ መሃል ሦስት ደቂቃ ቁጭ በይ ተባልኩ። መቀመጡ ከማንሳቱ ይልቅ ያሳፍረኝ ነበር፤ ሌሎቹ ሴቶች ላብ በላብ ሆነው ሲዘሉ እኔ ግድግዳ ተደግፌ። ግን በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ብረት ይጨመርልኛል፤ የጨመርነውም ይነሳልኛል።

አንድ ቀን ልቤ ሞልቶ ሰባተኛውን ሞከርኩ። አሠልጣኙ ጀርባዬ ሲጎብጥ አይቶ ብረቱን አስጣለኝ፤ ክብደቱንም ከሁለት ጎኑ አወረደው። «ብረቱ ነገም እዚሁ ነው። ወገብሽ ግን አብሮሽ ነው የሚሄደው» አለና የዚያን ቀን ሌላ አላስነካኝም። ተናደድኩ፤ ደግሞም ልክ ነበር።

በአራተኛው ወር ክሊኒክ ሄደን አባዬ ሲመዘኑ ሰባ አንድ ኪሎ ሆኑ። እኔ የዚያን ዕለት ጠዋት ሰባ አምስት ኪሎ አምስት ጊዜ አንስቼ፣ ሁለት አስቀርቼ ነበር የመጣሁት። ነርሷ ፊት እንደ ሕፃን ሳቅሁ።

«ምን ሆንሽ?» አሉኝ አባዬ።

«ቀለሉኝ» አልኳቸው።

ስድስት ወሩ ሲሞላ ወንድሜ አባዬን ሊወስድ፣ ለልብሳቸውም ሻንጣ ይዞ መጣ። ኦቦ የምንላቸው ጎረቤታችንም ለመሸኘት ገብተው ተቀምጠዋል። አልጋው ጋ ሄጄ እግሬን ከፈት፣ ጉልበቴን አጠፍ አደረግሁ፤ አባዬን ደረቴ ላይ አስጠግቼ አቀፍኳቸውና ተነሳሁ። አብረውኝ ቆሙ። ወገቤ ዝም አለ። ወንድሜ ሊደግፈን እጁን ዘረጋ።

«ተው፣ ልቀቃት!» አሉት አባዬ። ከዚያ ወደ ጎረቤታቸው ዞረው በቀኝ እጃቸው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉና «ኢንተላ ኮ!» አሉ፤ በኦሮምኛ የኔ ልጅ ማለታቸው ነው። ድምፃቸው ውጪ ድረስ ይሰማ ነበር።

ወንበራቸው ላይ ሳስቀምጣቸው ኦቦ አጨበጨቡ። ወንድሜ «እስኪ እኔንም ሞክሪኝ» አለ። ሰማንያ ስምንት ኪሎ ነው። ከመሬት አስለቀቅሁት፤ አባዬ ከሳቃቸው የተነሳ ትን አላቸው።

ሻንጣው ባዶውን ወደ ቡራዩ ተመለሰ።