ከንፈሩ የጠቆረ መንገደኛ

በ1960 ዓ.ም. ወደ ራቤል በሚሄድ የጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠው ባለ ካፖርት ሰው ከንፈሩም ጥፍሩም ጠቁሯል። ብርድ የመታው መስሎኝ ጋቢዬን ባካፍለው፣

“ብርድ አይደለም፤ ከአባቴ የወረስኩት ነው” አለኝ። “እስትንፋስ የሚሸከመው የደም ፕሮቲን አተጣጠፉ ተበላሽቶ ነው። ወንድሜን ቀብሬበታለሁ። ውጭ አገር በምሠራበት ቤተ ሙከራ፣ ፕሮቲኑ የት ላይ እንደሚጣመም በኮምፒዩተር እያሰላን ለመገመት እንሞክራለን።”

ወደ ራቤል በቀረብን ቁጥር ሾፌሩን ቀስ በል ይለው ነበርና፣ “ታዲያ አሁን ምን አስፈራዎት?” አልኩት።

“ልጅ ተወልዶልኛል፤ ገና አላየሁትም። ይውረሰው አይውረሰው ኮምፒዩተሩ አይነግረኝም።”

ራቤል ስንደርስ የሰውየው እናት ሕፃኑን በነጠላ ሸፍነው ታቅፈው ይጠብቁት ነበር። ወርዶ ሳማቸው፤ ነጠላውን መግለጥ ግን አቃተው።

“እየው እንጂ ልጄ!” አሉት በደስታ እየሳቁ። “ቁርጥ አንተን!”