ለእህቴ ሽማግሌ የላከው አጥቂ

እህቴ ስለወደደችው ሰው ለእናታችን የነገረቻት ለንደን፣ ኬኒንግተን ባለው የአራተኛ ፎቅ ቤታችን ወጥ ቤት ውስጥ፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ነው። “እማዬ፣ አንድ ሰው አለ። ሮማኒያዊ ነው። ጡረታ የወጣ አጥቂ ነው” አለቻት።

እናቴ ስለ ኳስ የምታውቀው፣ እኔ በልጅነቴ የሱሪዬን ጉልበት ቀድጄ እገባ እንደነበር ብቻ ነው። የያዘችውን ድስት አስቀመጠችና፣ “አጥቂ? ማንን ነው ያጠቃው?” አለች።

“የኳስ አጥቂ ነው እማዬ! ስትራይከር!”

ይሄኛው ደግሞ ባሰ። በዚያ ሰሞን የምድር ባቡር ሠራተኞች ስትራይክ ብለው ሥራ አቁመው፣ እናቴ ሥራዋ ለመድረስ ሁለት አውቶቡስ ትቀያይር ስለነበር፣ ስትራይክ የሚባል ቃል ቤታችን ውስጥ እንዲነሳ አትፈልግም። እኔ በሳቅ ስንፈራፈር፣ እህቴ በኳስ ጨዋታ ውስጥ ጎል ማግባት ሥራው የሆነ ሰው እንዳለ ከሀ ጀምራ አስረዳቻት። እናቴ አዳምጣ ስትጨርስ የቀራት ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር።

“ጡረታ የወጣ ከሆነ ስንት ዓመቱ ነው?”

“ሠላሳ አምስት።”

“በሠላሳ አምስት ዓመት ጡረታ! ምን ቢያመው ነው?”

እውነትም ያመው ነበር። የተዋወቁትም በዚሁ ነው። እህቴ ሼፈርድስ ቡሽ ገበያው አጠገብ ባለ ፋርማሲ ትሠራለች። ሰውየው ኳስ ካቆመና አገሩም የአውሮፓ ኅብረት ከገባች በኋላ ለንደን መጥቶ፣ የቤት ወለል ላይ እንጨት የማንጠፍ ሥራ ይዞ ነበር። ቀኑን ሙሉ ተንበርክኮ ስለሚውል ለጉልበቱ የሚቀባ መድኃኒት ሊገዛ ገባ። ከሳምንት በኋላ ተመልሶ ገዛ። በሚቀጥለውም ሳምንት እንደዚሁ። አንዱ ቱቦ ለወር እንደሚበቃ የምታውቀው እህቴ፣ “እየቀባኸው ነው ወይስ እየበላኸው?” ብላ ጠየቀችው። እስከ ዛሬ ድረስ እሱ እህቴን ያገኛት በረቀቀ ዘዴ እንደሆነ ነው የሚያወራው። እሷ ደግሞ ዘዴው ገና በሁለተኛው ቱቦ እንደገባት ትናገራለች።

መጀመሪያ ምሳ የመጣ ቀን በሩን የከፈትኩለት እኔ ነኝ። ትከሻው በሩን ሞልቶታል፤ ጸጉሩ ከፊት ሸሽቷል። እቅፍ አበባ ይዞ አንድ በአንድ እየቆጠረ ነበር። በእነሱ አገር ጥንድ ጥንድ ሆኖ የሚያልቅ አበባ የሚሰጠው ለሞተ ሰው ነው አለኝ፤ ባለሱቁ ተሳስቶበት ኖሮ አንዱን መዘዘና ለእኔ ሰጠኝ። እናቴ ቀሪውን ተቀብላ ስትስመው፣ እኔ ቀይ አበባዬን ይዤ እንደ ሚዜ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

ማዕዱ ላይ ሕይወቱን ተረከልን። የተወለደባት ከተማ የትራክተር ፋብሪካ ነበራት፤ ኳስ የጀመረውም በፋብሪካው ቡድን ነው። ከዚያ አንደኛ ዲቪዚዮን ገባ። ለብሔራዊ ቡድን ግን አልተጫወተም። ሊጠሩት አስበው እንደነበር፣ በዚያን ቀን ግን እናቱ ከእህቷ ጋር ስልክ ይዘው መስመሩ ሳይለቀቅ እንደዋለ በሙሉ ልብ ነገረን። እናቴ እጇን አፏ ላይ አድርጋ አዘነችለት። እህቴ እግሬን በጠረጴዛው ሥር ረገጠችኝ፤ ፊቴን አይታ መሆን አለበት።

የሙያው ሁሉ ዘውድ በዋና ከተማው ትልቅ ቡድን ላይ ያገባት አንዲት ጎል ነች። የእናቴን ብርጭቆዎች ተከላካይ አድርጎ ደረደረ፤ የጨው ዕቃው በረኛ ሆነ። በዚያ የመጀመሪያ ምሳ ላይ ኳሷን የመታት ከፍጹም ቅጣት ምት ክልሉ ጠርዝ ላይ ሆኖ ነበር። በሁለተኛው ምሳ ትንሽ ራቅ አለ። ፋሲካ ሲደርስ ለመሃል ሜዳ ጥቂት ነበር የቀረው። ጠረጴዛው ስላልበቃው በረኛውን ወስዶ መስኮቱ ላይ አስቀመጠው፤ እናቴም ለወጧ ጨው ፍለጋ ቤቱን ስታስስ ዋለች።

ያም ሆኖ ወደደችው። እሱም ኦርቶዶክስ ነው፤ በሁዳዴ ቅቤ ያልነካው ምግብ እንዲቀርብለት ራሱ ሲጠይቅ ነገሩ በእሷ በኩል አለቀ። የቀሩት አጎቴ ነበሩ።

አጎቴ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። አባታችን ካረፈ ወዲህ የቤታችን ትልቅ እሳቸው ናቸው። በደርግ ጊዜ ተሰደው መጥተው፣ ጡረታ እስኪወጡ ለንደን ውስጥ አውቶቡስ ነድተዋል። እህቴ ስለ ሮማኒያዊው ስትነግራቸው ወንበራቸው ላይ ቀና አሉ።

“እኔ ከጓዶች ሸሽቼ ለንደን ድረስ መጥቼ፣ ጓዶች እዚህ ድረስ መጥተው ልጄን ሊወስዱ?”

“ጋሼ፣ እሱ እኮ ያኔ ልጅ ነበር!” አለች።

“ልጆቹ ነበሩ የባሱት!” አሉ። ከዚያ ትንሽ አሰቡና፣ “ለማንኛውም ሽማግሌ ይላክ። ያለ ሽማግሌ አላውቀውም።”

አጥቂው ለንደን ውስጥ ዘመድ የለውም። የላከው አብሮት የተጫወተውን በረኛ ነው፤ ኤድመንተን ውስጥ አንድ ቤት ይጋራሉ። በረኛው አንድ እሑድ ከሰዓት ሙሉ ልብስ ለብሶ መጣ፤ ጥፍሮቹ ሥር የግድግዳ ልስን እንደ ነጣ ነበር። አጥቂው ታች የሥራ መኪናው ውስጥ ቀረ፤ ወጉ ሙሽራው አብሮ እንዲመጣ አይፈቅድምና። እኔ አስተርጓሚ ተደረግኩ። አጎቴ ግማሽ ዕድሜያቸውን ከለንደን ተሳፋሪ ጋር በእንግሊዝኛ ሲከራከሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ “ሽምግልና ግን በእንግሊዝኛ አይሆንም” ብለው ድርቅ አሉ።

“ብቻዎን ነዎት?” ብለው ጀመሩ። ሰውየው በዕድሜ ልጃቸው ቢሆንም፣ ሽማግሌ ነውና አንቱ አሉት።

“በረኛ ሁልጊዜም ብቻውን ነው” አለ። ተረጎምኩ። አጎቴ መልሱን ወደዱት መሰለኝ፤ ጢማቸውን ነካ ነካ አደረጉ።

“የልጁ ጠባይ እንዴት ነው?”

በረኛው ለመዋሸት አልተፈጠረም። “በጣም ሰነፍ ነበር” አለ። “ኳስ ስንነጠቅ ወደ ኋላ ተመልሶ አያግዝም። እዚያው ወገቡን ይዞ ቆሞ ነው የሚጠብቀን።”

“ረጋ ያለ ሰው ነው ይላሉ” ብዬ ተረጎምኩ።

“ሌዚ ነው ያሉት” አሉ አጎቴ።

“ሜዳ ላይ ለማለት ነው፣ ጋሼ።”

“አንተ የሰማኸውን ተርጉም።”

እናቴ ነገሩን ለማቃናት ስለዚያች ትልቅ ጎል አነሳች። በረኛው ደስ ብሎት ፈገግ አለ። ጎሏ እውነት እንደሆነች፣ አጥቂው ግን የመታው ወደ ሌላ አቅጣጫ እንደነበር፣ ኳሷም የተከላካይ ጀርባ ገጭታ አቅጣጫዋን ቀይራ እንደገባች አስረዳ። ርቀቱን ሲጠየቅ ከሶፋው እስከ ቴሌቪዥኑ ያለውን በዓይኑ ለካና፣ “ከዚህ ትንሽ ቢበልጥ ነው” አለ። እናቴ ያንን ሁሉ ምሳ አስታውሳ መሰለኝ፣ ወደ መስኮቱ ዞረች። ይህንን ሳላለሳልስ ተረጎምኩት።

አጎቴ ወደ በረኛው ዞሩ። “ታዲያ ይህን ሁሉ ለሚያውቁበት ሰው፣ ምን ብለው ሽማግሌ ሆኑለት?”

በረኛው እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተመለከታቸው።

“አንድ ቀን በገዛ ሜዳችን አራት ጎል ገባብኝ” አለ። “ጥፋቱ የኔ ነበር። ሕዝቡ ያፏጫል። ለመውጣት በተመልካቹ ሥር ነው የሚታለፈው፤ የሱፍ ልጣጭ ይተፉብሃል፣ እናትህን ይሰድቡልሃል። ጓደኞቼ ሮጠው መልበሻ ክፍል ገቡ። እሱ ከሜዳው ሌላ ጫፍ መጣና ከጎኔ ሆነ። አልሮጠም፤ መቼም ሮጦ አያውቅም። ቀስ ብለን ወጣን። ግማሹ ልጣጭ እሱ ላይ አረፈ። ምንም አላለኝም፤ ከዚያ ወዲህም አንስቶት አያውቅም።”

ልተረጉም አፌን ስከፍት አጎቴ እጃቸውን አነሱ። “ተወው። ገብቶኛል።” ከዚያም፣ “ጥሩት እስቲ፣ ይምጣ” አሉ።

ሊፍቱ እንደልማዱ ተበላሽቶ ነበር። አጥቂው አራት ፎቅ በዚያ ጉልበት ወጥቶ በሩ ላይ ሲደርስ መቃኑን ይዞ ቀረ። ላቡ በአፍንጫው ላይ ይወርዳል። አጎቴ አይተውት፣ ደንባቸውንም ረስተው በእንግሊዝኛ፣ “ጉልበትህ ነው?” አሉት።

“የግራው ነው።”

“የኔ የቀኙ ነው። የአውቶቡስ ፍሬን ነው የጨረሰው። ና፣ እዚህ ተቀመጥ።”

ሁለቱም ሱሪያቸውን ሰብስበው ጉልበት ማወዳደር ጀመሩ። የአጥቂው ረዥም የኦፕራሲዮን ጠባሳ አለበት፤ የአጎቴ አብጧል። በረኛው ተጠግቶ የራሱን ጣቶች አሳየ፤ አንዱም ቀጥ ያለ አልነበረም። እህቴ ከጓዳ ደጋግማ አንገቷን ብቅ ታደርጋለች። በመጨረሻ እናቴ ትዕግሥቷ አለቀ።

“ቆዩ እንጂ! ልጅቷን ሰጣችኋት ወይስ አልሰጣችኋትም?”

“ሰጥተናል፣ ሰጥተናል” አሉ አጎቴ፣ ከጉልበቱ ላይ ቀና ሳይሉ። “ቅባቱን ምን ነበር ያልከኝ ስሙን?”

በዚያው ዓመት ተጋቡ፤ ኤድመንተን ቤት ተከራዩ። በረኛውም ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ አንድ ክፍል ያዘ።

ከሠርጉ በኋላ አንድ ቅዳሜ፣ እኛ ሐበሾች ኳስ ወደምንጫወትበት መናፈሻ ወሰድኩት። ፕሮፌሽናል አማች አለኝ እያልኩ ለሳምንታት ጉራዬን ነዝቼ ነበር። እሱ መሃል ላይ ወገቡን ይዞ ቆመ። ሃያ ደቂቃ ያህል አልተንቀሳቀሰም። ጓደኞቼ ይተያዩ ጀመር። “ይሄ ነው ያልከን?” አለኝ አንዱ የታክሲ ሹፌር፣ እያለከለከ። ከዚያ ኳስ ወደ እሱ መጣች። ዞሮ ሳያይ በተረከዙ ነካ አደረጋትና ባዶ ጎል ፊት ለፊት እግሬ ሥር አስቀመጠልኝ። እኔም በሙሉ ኃይሌ መትቼ ከጎሉ በላይ ቁጥቋጦው ውስጥ ከተትኳት። ከእረፍት በኋላ ጉልበቱ ስላበጠ አልገባም።

ስንመለስ በአውቶቡሱ ላይኛው ፎቅ ከፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጥን። ከማዕዘኑ ሱቅ የገዛሁለትን እንደ በረዶ የደረቀ አተር ከረጢት እብጠቱን እንዲያበርድለት ጉልበቱ ላይ ጭኗል። ጎል ማግባት ይናፍቅህ ይሆን ብዬ ጠየቅኩት።

“ጎል? እኔ እኮ ብዙም አላገባሁም” አለ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። ከዚያም፣ “የመጨረሻው ጨዋታዬ የመጨረሻ መሆኑን ማንም አልነገረኝም። በእረፍት ተቀየርኩ፤ ታጥቤ አውቶቡሱ ውስጥ ጠበቅኳቸው። አሸንፈው ኖሮ እየዘፈኑ ገቡ፤ እኔም ዘፈንኩ። ሰኞ ሐኪሙ ጉልበቴን አየና በቃህ አለኝ። የሚናፍቀኝ አውቶቡሱ ነው። ሁሉም ሰው ሲሸት፣ ሁሉም ሰው ሲጮህ” አለኝ።

 የእኔም ላብ በዚያ ሰዓት በጣም ይሸት ነበር፤ እሱን ልንገረው አልንገረው እያልኩ ሳለ፣ አተሩን አገላብጦ፣ “አንተ ግን ስትመታ ለምንድን ነው ሰማይ የምታየው? አቀርቅር!” አለኝ።

ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ አሰልጣኛችን ሆነ። ቦርጫም ሹፌሮችንና የሆቴል ዘበኞችን በብርድ ሜዳውን ያዞረናል፤ ሲናደድ በሮማኒያኛ ይጮሃል። አጎቴ ታጣፊ ወንበራቸውን ይዘው መጥተው በእያንዳንዱ ቅያሪ ይከራከሩታል። በረኛችን በረኛው ነው። አንድም ዋንጫ አላነሳንም። እኔ ግን ማቀርቀር ተምሬያለሁ፤ አሁን ቁጥቋጦ ውስጥ የምከተው ከሁለት ኳስ አንዱን ብቻ ነው።