የጣሊያኖቹ ዘፋኝ ስትወጣ

ትናንት ቡሬ መናኸሪያ ሚኒባሱ እስኪሞላ ስጠብቅ፣ ሹፌሩ ከስልኩ የአንድ የጣሊያን ባንድ ዘፈን ከፈተ። «እባክህ ዝጋው!» ልለው ምንም አልቀረኝም ነበር። ያን ባንድ ፍኖተ ሰላም፣ እናትና አባቴ ቤት፣ እስኪያንገሸግሸኝ ሰምቼዋለሁ።

አባቴ መምህር ነበር። አንድ ጣሊያናዊ የመንገድ መሐንዲስ የባንዱን ካሴቶች ትቶለት ሄዷል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ካሴቱን ከፍቶ ታሪካቸውን ከሀ ይጀምራል፤ በሠርግ ቤት መዝፈናቸውን፣ ዝናቸውን፣ ዘፋኟ ጥላቸው መሄዷን።

አንድ እሑድ የንስሐ አባታችን መጡ። እናቴ ምስር ትለቅማለች።

«አባ፣ ይስሙኝማ፤ ዘፋኟ ስትወጣ እኮ ባንዱ አልፈረሰም!» አለ አባቴ።

እናቴ ሰፌዱን መሬት ላይ ወረወረችው።

«ኧረ በፈጠረህ! እነሱ ሌላ ዘፋኝ ፈለጉ። አንተ ግን ዘፋኟን አግብተህ ቤት አስቀመጥሃት!»

አባ አቀረቀሩ። አባቴ ቴፑን አጠፋ። እኔ ደግሞ አባቴ ጣሊያናዊት ሚስት የደበቀ መስሎኝ ሳምንት ሙሉ አኮረፍኩት። እናቴ የወረዳው ኪነት ቡድን ዘፋኝ፣ እሱም አኮርዲዮን ተጫዋቹ እንደነበሩ ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

ሚኒባሱ ሲነሳ ለእናቴ ደወልኩ።

«እማዬ፣ ያኔ መዝፈን ለምን ተውሽ?»

«ማን ተወ?» አለች በንዴት። «ጓዳ ስዘፍን ነው የኖርኩት። የአባትሽ ቴፕ እየጮኸ ማን ይስማኝ!»